ማር የተነከረው የንጉሡ ጣት

አንድ ኃያል ንጉሥ ባላንጣው እየበረታ ቢመጣበት፣ በመካከላቸው ያለችው ትንሽ አገር ትዝ አለችው። ጦር የሚያልፍበት ብቸኛው የገደል በር በእሷ እጅ ነበርና።

ሽማግሌዎቿን አስጠርቶ፣ እንደ ጡት ልጅነት ደንብ አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ዘረጋላቸው።

«ይህን ጥቡና የጡት ልጆቼ ሁኑ። እናንተን የነካ እኔን ነካ። በሩን ብቻ ለጦሬ ክፈቱልኝ» አላቸው።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እምቢ ቢሉ ሰይፉ አለ፤ እሺ ቢሉ እርሻቸው የፈረስ መራገጫ ሊሆን ነው።

አብራቸው የመጣች፣ ጨቅላ ያዘለች አንዲት ምላሰኛ ሴት ግን ማሩን ትታ ጣቱን ታይ ነበር። ይህንኑ ጣት አምና አንድ የቆላ ባላባት ጠብቶት ነበር፤ ንጉሡ ከባላንጣው ጋር የታረቀ ዕለት ግን የባላባቱን አገር የእርቅ ገጸ በረከት አድርጎ ለባላንጣው ሰጠ።

«ጃንሆይ፣ ጡትን ካነሱት አይቀር» አለች ሴትዮዋ፣ «እኛ ልጅ ጡት የምናስጥለው ሌላ ስናረግዝ ነው። እርስዎ ግን ጠላትዎ ፈገግ ባለልዎት ቁጥር ያረግዛሉ። እንግዲያው የሚያስጥሉንን ቀን አስቀድመው ይንገሩንና ከወዲሁ እህል እንልመድ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ንጉሡም በሩን ደግሞ ለመጠየቅ አፍሮ፣ ማሩ ወደ ክንዱ ሳይወርድ ጣቱን ራሱ ጠባው።