ማንም ሳይሞት ሂዱ

ሰው ሞተ ሲባል ከሁሉ ቀድማ የምትደርስ አንዲት ሴት ነበረች። ድንኳኑ ገና ሳይተከል ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከች ትላለች። ሟቹን ባታውቀው እንኳ ሙሾ አታጣለትም። ይሄ ክፉ ነው ያለ የለም። እናንተስ ከለቅሶ ትቀራላችሁ? አትቀሩም! ሰው ምን ይላል?

ሴትየዋ ሐመልማል የምትባል የአራት ዓመት ልጅ አለቻት። ልጅቷ የምትማርበት መዋዕለ ሕፃናት ደግሞ አንድ ደንብ አለው። ዓርብ ዓርብ የአንድ ልጅ ወላጅ ይመጣና አንዲት ትንሽ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከቤቱ ያመጣውን ተረት ወይም ዘፈን ለልጆቹ ሁሉ ያስተምራል። የሐመልማል ተራ ደረሰ፤ እናት ቀረች። እንደገና ደረሰ፤ ቀረች።

«እማዬ፣ ዛሬ የኔ ተራ ነው» አለቻት አንድ ዓርብ ጠዋት፣ ጫማዋን ግራና ቀኙን አቀያይራ እያጠለቀች።

«ለቅሶ አለብኝ አልኩሽ እኮ! የነባሻ አክስት አርፈዋል።»

«ታውቂያቸዋለሽ?»

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ ረዘመ! አስተማሪዋ ታዲያ ምን ሥራ አላት?»

ሐመልማል ዝም አለች። ዝም ያለች ልጅ ደግሞ ተንኮል እያሰበች ነው፤ እወቁት።

ረፋድ ላይ ሴትየዋ ለቅሶ ቤት ተቀምጣ ሳለ የመዋዕለ ሕፃናቱ ዘበኛ ጋሽ ደምለው እያለከለኩ መጡ። «የሐመልማል እናት፣ ድረሺ! ልጅቷ መሬት ላይ ተዘርራለች፤ ልጆቹ ይጮኻሉ!»

ሌላ አልሰማችም። አንድ እግር ጫማዋ መንገድ ላይ ቀረ። በሩን በርግዳ ስትገባ ልጆቹ ሹራባቸውን እንደ ነጠላ አዘቅዝቀው፣ ክብ ሠርተው «ወየው! ወየው!» ይላሉ። መሐላቸው ሐመልማል ሰሌን ላይ ተጋድማ ተሸፍናለች።

«ልጄን!» ብላ ጨርቁን ገፈፈችው።

ሐመልማል አንድ ዓይኗን ከፈተች። ወደ ጓደኞቿ ዞራም «አላልኳችሁም? ሰው ሲሞት እኮ ትመጣለች!» አለች።

አግዳሚዋ እዚያው እናትየው ጉልበት ሥር ነበረች። ተቀመጠች? እንዴት ተደርጎ! «ሟርተኛ!» ብላ ጭኗን መዘለገቻት። ለመቆንጠጥ ጊዜ ነበራታ!

ጩኸቱን ሰምታ የመጣችው አስተማሪዋ ትርሲት «እንግዲህ ከመጡ አይቀር ትንሽ ይቀመጡላት» አለቻት።

«ቀብሩ ያመልጠኛል።»

ሐመልማል እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ተራዬ ነው» ብላ አግዳሚዋ ላይ ወጣችና ከቤት የምታውቀውን ጀመረች። ሙሾ! የእናቷን ሙሾ፣ ከነደረት ምቱ። ልጆቹም ተቀበሏት።

ሴትየዋ ግቢው በር ላይ ሰማችው። ዜማው የራሷ ነው። ቆም አለች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካከለችና ሄደች።

ሄደች!

አሁን እናንተ «ምን ያለችው ናት!» ትላላችሁ። የልጃችሁን አስተማሪ ስም ማን ትሏታላችሁ? ልጃችሁ ጎን የምትቀመጠውስ የማን ልጅ ናት? አባቶችም አትሳቁ፤ እናንተማ የመዋዕለ ሕፃናቱን በር እንኳ ጠይቃችሁ ነው የምታገኙት። የእድር ጡሩምባ ሲነፋ ግን ሥራም አይዛችሁም፣ እግርም አያማችሁም።

ልጁን ላካችሁት እንጂ ከቤታችሁ ምን አስያዛችሁት? ያንኑ ነው ለሌላው ልጅ የሚያስተምረው። ባዶውን ብትልኩት ባዶ አይሄድም፤ ቤት ያየውን ይዞ ይሄዳል።

ጡሩምባ አልተነፋም። ድንኳን አልተተከለም። አግዳሚዋ ግን አሁንም ባዶ ናት። ዓርብ ጠዋት፣ ማንም ሳይሞት፣ እንዲሁ ሂዱ።