የጫጩት ቤቱ በር

አንዲት ሴት ነበረች። ቢሾፍቱ ውስጥ ጫጩት እያስፈለፈለች ለገበሬው የምትሸጥ። ዘነቡ እንበላትና እንቀጥል፤ እውነተኛ ስሟን ብነግራችሁ ነገ ሄዳችሁ «አባ እንዲህ አሉሽ» ትሏታላችሁ፣ አውቃችኋለሁ።

ልጆቼ፣ የዚህችን ሴት ጫጩት ቤት ብታዩ! በሩ ላይ የመድኃኒት ውሃ የሞላ ገንዳ አለ። ማንም ሰው ጫማውን እዚያ ሳይነክር አይገባም። እኔ መስቀሌን ይዤ ጠበል ልረጭላት ብሄድ «አባ፣ መጀመሪያ እግርዎን» ተባልኩ። ምን ላድርግ? ነከርኩ። በሽታ እንደሆነ በቄስ ጫማም ይገባል። ክትባት ላይም እንዲሁ ናት። «አምና ከትቤያለሁ» ብላ አትቀመጥም፤ አዲስ ጫጩት በወጣ ቁጥር እንደገና ትከትባለች።

ገዢዎቿ ሁሉ በስልክ ቻናሏ ላይ ናቸው። ጫጩት ሲደርስ በጽሑፍም በድምፅም ትነግራቸዋለች፣ እነሱም ብሩን በስልክ ይልካሉ። «ዘነቡ ካለች አለች ነው» ይላሉ። የሴትዮዋ ሀብት ጫጩቱ እንዳይመስላችሁ። ሀብቷ ይህ ስም ነበር።

ታዲያ ይህ ስም በር ነበረው? በሩ ላይ ገንዳ ነበረው? ምንም አልነበረውም!

አንድ ጠዋት ከምታውቀው ደንበኛ ስልክ መልእክት መጣላት። «የሁላችን ወዳጅ አቶ ደጀኔ አርፈዋል። የቀብሩን ሰዓት ለማየት ይህን ይጫኑ» ይላል። ደጀኔ የሞጆ ሰው ነው፤ ሥራ ስትጀምር ማንም ሳያምናት ቀድሞ ጫጩት የገዛት።

«ሎተሪ ደርሶዎታል» ቢሏት ስቃ ባለፈችው። ለቅሶ ነው ሲሏትስ? ከመካከላችን ለቅሶ የሚቀር ማን አለ? ሌባው ይህን አሳምሮ ያውቃል። ለካ የደንበኛዋንም ስልክ አስቀድሞ ጠልፎት ኖሯል። አምና በሎተሪ መጣ፣ ነቃንበት። ዘንድሮ በመርዶ መጣ። ዘነቡ እያለቀሰች ተጫነችው። ስልክ ቁጥሯን ጠየቃት፣ ሰጠች። በመልእክት የገባላትን የምስጢር ቁጥር ጠየቃት፣ እሱንም ሰጠች። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ቀብር ለመድረስ የምስጢር ቁጥር የሚያስፈልገው ከመቼ ወዲህ ነው? ግን ሐዘን ያስቸኩላል። ዓይን እንባ ሲሞላ መች ያነባል?

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሞጆ ሄደች። «ወይኔ ወንድሜን!» እያለች ግቢው ስትገባ ማን ብቅ ቢል ጥሩ ነው? ደጀኔ! የመኖ ባልዲ በእጁ ይዞ።

«ምነው እህቴ፣ ማን ሞተብሽ?»

«አንተ ነህ እንጂ!»

«እኔ? ታዲያ ለእኔ ማንም አልነገረኝም!»

እየሳቀ አቀፋት። ከዚያ ሳቁ ቆመ። «ቆይ እንጂ፣ አሁን በቻናልሽ ‹ጫጩት ደርሷል፣ በአዲሱ ሒሳብ ክፈሉ› ያልሽን አንቺ አይደለሽም?»

ስልኳን ከፈተች። ቻናሉ የእሷ አልነበረም፤ በሰጠችው የምስጢር ቁጥር ሌባው ወስዶታል። ለሰው ቀብር ብላ መጥታ የገዛ ስሟን ልትቀብር ነበር። ያን ጊዜ የእውነት አለቀሰች።

አልቅሳ ግን አልተቀመጠችም። በደጀኔ ስልክ ለገበሬዎቹ አንድ በአንድ ደወለች። «እኔ ነኝ፣ አትላኩ!» ድምፅዋን ሲሰሙ አመኗት። ቀድመው ለከፈሉት ደግሞ ኪሳራውን ራሷ ችላ ጫጩታቸውን ሰጠች። ስሟ በዚህ ተረፈ።

ቢሾፍቱ ስትመለስ ጫማዋን ገንዳው ውስጥ ነከረችና እዚያው ቆማ ቀረች። ለጫጩቶቿ ያደረገችውን ለስሟ እንዳላደረገችው ያኔ ገባት። ሠራተኞቿን ጠራቻቸው።

«ከዛሬ ጀምሮ ይለፍ ቃል የጠየቀ፣ ሒሳብ ቀይሩ ያለ ሁሉ እግሩን ይነክራል። ስልኩን ትዘጋላችሁ፤ በምታውቁት ቁጥር መልሳችሁ ትደውላላችሁ። አዲስ ማታለያ የሰማ ሰው ደግሞ ሰኞ ሰኞ ለሁላችንም ይናገር። ክትባታችን እሱ ነው።»

ሽያጩን የያዘችው ምስጋና ፈራ ተባ እያለች «እትዬ፣ እርስዎ ቢሆኑስ?» አለቻት።

«እኔ ስሆን በተለይ!»

ቻናሏን አስመለሰች፣ ክረምቱም አለፈ። አንድ ቀን የምስጋና ስልክ ጠራ። ቁጥሩ አዲስ ነው፣ ድምፁ ግን የዘነቡ ነው። ሳሏ ሳይቀር የእሷ ነው! «ምስጋና፣ ስልኬ ተዘግቶብኝ በሰው ስልክ ነው የምደውለው። የቻናሉን ይለፍ ቃል ቶሎ ንገሪኝ!» ልጆቼ፣ ዛሬ ማሽን የሰው ድምፅ ቀድቶ እንደ ሰው ይናገራል። ዘነቡ በቻናሏ ስትልከው የኖረችው ድምፅ ለሌባው በቅቶታል። ትናንት ስሟን ያተረፈውን ድምፅ ዛሬ ለብሶት መጣ።

እናንተ ብትሆኑስ? አለቃችሁ ናት። እየተቆጣች ነው። ይሉኝታ አይዛችሁም? ምስጋናንም ያዛት። ግን «ይቅርታ እትዬ፣ መጀመሪያ እግርዎን» ብላ ዘጋችባት። ከዚያ ወደ ዘነቡ ቁጥር ደወለች።

ስልኩ ከጀርባዋ ጮኸ። ዘወር ስትል ዘነቡ ጫጩት ቤቱ በር ላይ፣ እግሯ ገንዳው ውስጥ ቆማለች። «ምን ፈለግሽ ልጄ?» አለቻት።

እናንተ ሱቅ ያላችሁ፣ ወፍጮ ያላችሁ፣ ክሊኒክ የከፈታችሁ፣ በሰው እምነት የምትኖሩ ሁሉ፣ በራችሁ ላይ ምን አኑራችኋል? «ልቤ ንጹሕ ነው፣ እኔን ማን ይነካኛል» አትበሉኝ። በሽታ የሚጨርሰው ምንም ያላጠፋውን ጫጩት ነው። «አምና ተምሬያለሁ» አትበሉኝ፤ የአምናው ሌባ ዘንድሮ ልብሱን ቀይሯል። የነፍሳችንም ጠላት እንዲሁ ነው፣ ትናንት በጣልነው መንገድ አይመጣም።

ግን አትፍሩ! ሌባ ብልጥ ነው እንጂ ብርቱ አይደለም። ኃይሉ ሁሉ «ቶሎ በይ» ማለቱ ላይ ነው። ቆም ያለ ሰው ያሸንፈዋል። ዘነቡ ይኸው ዛሬም ትሸጣለች፣ ደጀኔም ይኸው ዛሬም ይገዛታል፤ «ሟቹ ደንበኛሽ» እያለ ይቀልድባታል።

ነገ የእናንተም ስልክ ይጠራል። የምትወዱት፣ የምታከብሩት ሰው ድምፅ «ቶሎ» ይላችኋል። ያን ጊዜ ይሉኝታ አይያዛችሁ። «መጀመሪያ እግርዎን» በሉት። የእውነት ወዳጅ ከሆነ አይቀየማችሁም፣ ነክሮ ይገባል። እኔም ነክሬ ነው የገባሁት።