ሰባት አያት የቆጠረው በቆሎ

ተረት ተረት። «የላም በረት» አትበሉኝ፤ ላሟ ዛሬ መስክ ናት። «የዘር እሸት» በሉኝና ልቀጥል። አላችሁ? በሉ ስሙ። እዚያ ጥግ የምትሳሳቁት ደግሞ፣ ጆሯችሁን እንጂ ጥርሳችሁን አልፈለግሁም።

ድሮ፣ ዘር አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ ስንሻው የሚባል ገበሬና ጥሩዬ የምትባል ሚስቱ ነበሩ። ከቤታቸው ጓሮ አንዲት ማሳ አለቻቸው። ክረምት ገብቶ ጎታው ሲራቆት፣ ቤተሰቡን እስከ መስከረም የምታሻግረው የዚያች ማሳ እሸት ናት። ማሳዋ ካልሰጠች ልጆቹ ጦማቸውን ያድራሉ። ስለዚህ በየዓመቱ ግንቦት ሲመጣ በዚያ ቤት ትልቁ ጥያቄ አንድ ነው፤ ጓሮው ምን ይዘራበት?

አባቶች ያቆዩት ልማድ ነበር። ከበቆሎው ያማረ ያማረውን ዛላ ይመርጡና ከምድጃው በላይ ካለው ቆጥ ላይ ያንጠለጥሉታል፤ ጭስ የጠጣ ዘር ነቀዝ አይደፍረውም። በዚያ ዓመት ቆጡ ላይ ሁለት በቆሎዎች ጎን ለጎን ተሰቅለው ነበር። አንዱ በጭስ የጠቆረ፣ ቀጭን፣ ጥርሱ የተራራቀ ያገር በቆሎ ነው፤ አባ ጥላሸት ይሉታል። ሌላው ወፍራም፣ ነጭ፣ ጥርሱ ግጥም ያለ ነው። አባቱ አምና በከረጢት ሆኖ ከከተማ የመጣ ምርጥ ዘር ነበር። ማሳዋን አንበሽብሿት ነበርና ስንሻው ከእሱ የተወለደውን ዛላ «ምርጤ» ብሎ ሰቀለው። ከታች ደግሞ በቅል ውስጥ ከሩቅ ወረዳ የመጣች አንዲት እንግዳ ነበረች፤ አኩሪ አተር።

አሁን ምስጢሩን ልንገራችሁ። ምርጤ ገና በቅጠሉ እንደተጠቀለለ አባቱ እንዲህ ብሎት ነበር።

«ልጄ፣ እኔ ከሁለት ቤት ነው የተወለድኩት። ሁለቱ ቤቶች በእኔ ላይ ለአንድ ክረምት ተስማምተዋል፤ በአንተ ላይ ግን ይጣላሉ። አንተ ለመብል ነህ፣ ለዘር አይደለህም። ከጠየቁህ እውነቱን ንገራቸው፤ ለከርሞ ከከረጢት አዲስ ያምጡ።»

«እሺ አባቴ» አለ ምርጤ። እሺ ማለት ቀላል ነው፤ እናንተም ስትላኩ ትላላችሁ።

ግንቦት መጣ። ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር ስንሻው ዘሮቹን አውርዶ ከጎታዋ ፊት ደረደራቸው። ራሱ በርጩማ ስቦ ተቀመጠና ጋቢውን አጣፋ።

«ዘራችሁን ቁጠሩልኝ» አለ።

ጥሩዬ ሳቀች። «አንተ ሰው፣ ልጅ ልትድር ነው እንዴ?»

«መሬትስ ልጄ አይደለችም? ሰባት ቤት ያልቆጠረ ጓሮዬ አይገባም።»

እንግዲህ ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ዘር መቁጠር የሰው ወግ ነው። የሰውም ዘር፣ የበቆሎም ዘር ስማቸው አንድ ስለሆነ፣ ስንሻው ጠባያቸውም አንድ መሰለው።

መጀመሪያ አባ ጥላሸትን ጠየቀው።

«አባቴ ከዚሁ ቆጥ፣ አያቴ ከዚሁ ቆጥ፣ ቅድመ አያቴም ከዚሁ ቆጥ» እያለ አባ ጥላሸት ሳይደናቀፍ ሰባት ቆጠረ። «ፍሬዬ ብዙ አይደለም፤ አላታልልህም። ግን አምና የሆንኩትን ዘንድሮም እሆናለሁ።»

«አንቺስ፣ አኩሪ?»

አኩሪ አተር ከቅሉ አፍ ላይ ሆና አንገቷን ደፋች። «እኔ እንግዳ ነኝ፤ እዚህ አገር የምቆጥረው ዘር የለኝም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤ የእኔን ማን እንዳወጣው እንጃ፣ በጠሩኝ ቁጥር አፍራለሁ። እንደ አተር ቶሎ አልበስልም። በጥሬዬ የበላኝን ሆዱን እነፋዋለሁ። የቆምኩበትን መሬት ግን አበረታለሁ።»

«አኩሪ ተብላ የምታፍር አየሁ» አለ ስንሻው እየሳቀ።

ሦስተኛው ምርጤ ነበር። እውነቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። ግን አጠገቡ ያ ጥቁር ሽማግሌ ሰባት ቆጥሯል፤ እሱ አንድ ብቻ ሊል ነው። አንድ አባት፣ ያውም በከረጢት የመጣ። አፈረ። ልጆቼ፣ አፍሮ ዝም ያለ ይተርፋል፤ አፍሮ የዋሸ ነው የሚጠፋ።

«አባቴ ምርጥ፣» አለ፣ «አያቴ ግምጃ፣ ቅድመ አያቴ ግርማ፣ ምንዥላቴ ወርቄ…» እያለ ሰባት ሞላ። እንዲያውም ስምንተኛ ሊጨምር ሲል ጎታዋ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ስንሻው፣ የዚህን ልጅ አባት ሲመጣ አይቼዋለሁ። ከከረጢት ነው የወጣ እንጂ ከቆጥ አልወረደም። ይሄ ሁሉ አያት ከየት መጣ?»

«አንቺ ደግሞ አፍሽ ሰፊ ነው፤ የገባብሽን ሁሉ ታወሪያለሽ» አላት ስንሻው።

«ይሁን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለችና ክዳኗን ገጠመች።

ስንሻው እንደ ልማዱ የምርጤን ጫፍና ጫፍ ለመብል ተወ፤ የመሃሉን ፍሬ ፈልፍሎ ማሳዋን ሞላት። ለአባ ጥላሸት የአጥር ጥግ ደረሰው፣ ለአኩሪ የተረፈች ጠርዝ። ከዚያ በየጎረቤቱ ዞረ። «ለቡሄ እሸቱ ከእኔ ቤት ነው፤ ቅርጫታችሁን ይዛችሁ ኑ» አለ። ጫፍና ጫፉ ብቻ የቀረው ምርጤ ቆጡ ላይ ተመልሶ ተሰቀለ። በጓሮ በር በኩል ማሳዋ ትታየዋለች።

ዝናቡ ጣለ፣ በቆሎው በቀለ። ቀን እየገፋ ሲሄድ ግን ማሳዋ ለዓይን ታስቀይም ጀመር። አንዱ አገዳ ጣሪያ አክሎ ፍሬ የለውም። አንዱ ከጉልበት አላለፈም። አንዱ ዛላ ይዞ ዛላው ጥርስ አላወጣም። እርስ በርሳቸውም ይነታረካሉ።

«ቁመት የአባቴ ቤት ነው» ይላል ረጅሙ።

«የእናቴ ቤት አጭር ነው፣ ምን ላድርግ?» ይላል አጭሩ።

«ኧረ እኛ የማን ቤት ነን?» ይላል የመሃሉ።

ምርጤ ከቆጡ ላይ ሆኖ ይሰማል። ፊቱን የሚሸፍንበት ቅጠል እንኳ አልነበረውም።

መጀመሪያ ጃርት ሊሰርቅ መጣ። አሸተተ፣ ዞረ፣ እሾሁን አጠፈና «እዚህ የሚሰረቅ የለም» ብሎ ሄደ። ቀጥላ ጦጣ መጣች። ካገዳ አገዳ ዘለለች፣ ባዶ ቅጠል ገለጠች። ከዚያ ወደ ቤቱ ዞራ «የነዚህ ልጆች እራት ምን ሊሆን ነው?» አለች። ሌባ ያዘነለት ማሳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ምርጤ ያን ቀን በኀፍረት ሊወድቅ ደረሰ።

በመጨረሻ ጎረቤቶች መጡ። ቡሄ ነበርና አሮጊቷን እማማ ዘነቡን አስቀድመው፣ ቅርጫታቸውን ይዘው፣ እየተጫወቱ መጡ። ማሳዋን ሲያዩ ጨዋታው ቆመ። ስንሻው በሩ ላይ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። እማማ ዘነቡ ቀስ ብለው ቅርጫታቸውን ከነጠላቸው ሥር ሸሸጉ። ሌሎቹም እሳቸውን አይተው ሸሸጉ።

«ደህና ናችሁ ወይ ልንል ነው እንጂ ለሌላ አልመጣንም» አሉ እማማ ዘነቡ።

«ደህና ነን፣ እግዜር ይመስገን» አለ ስንሻው። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለእኛ ነው» አለች ጥሩዬ ሰዎቹ ሲሄዱ። የቤቱን ነፍስ ያቆያት አባ ጥላሸት በአጥሩ ጥግ ያፈራው ነው። ልጆቹ አንዱን እሸት ለሁለት እየገመሱ በሉ፤ ማታ ማታም ሆዳቸው ይጮህ ነበር።

ምርጤ ከዚህ በላይ አልቻለም።

«እትዬ ጥሩዬ፣ ያውርዱኝ» አለ።

«ወርደህ ምን ልትሆን?»

«አያት የለኝም። ሁሉንም የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ። አባቴ ለመብል ነህ ብሎኝ ነበር፤ አንድ ብቻ ብዬ መቁጠር አፍሬ ነው።»

ጥሩዬ አወረደችው። ጥላሸቱን አጥባ፣ ፈልፍላ፣ ድስት ውስጥ ጨመረችው። ንፍሮ ሆነ። ልጆቹ በሉና ጣታቸውን ላሱ። «ሌላ የለም?» አሉ። ሌላ አልነበረም።

ጥሩዬ የመጨረሻዋን ፍሬ በመዳፏ ይዛ አየቻት። «እንዲህ የምትጣፍጥ ከሆንክ ያኔ ብትነግረን ምን ነበረበት?» አለች። «ሙሉህን ጠግበን በልተን፣ አመስግነን እንሸኝህ ነበር።»

ከዚያ ፍሬዋን ለትንሹ ልጅ አጎረሰችው።

በዓመቱ ስንሻው ገበያ ወረደ። የምርጥ ዘር ከረጢት ከፊቱ አቁሞ ዘርህን ቁጠር አላለውም።

«ለስንት ክረምት ነህ?» አለው።

«ለአንድ» አለ ከረጢቱ፣ ምንም ሳያፍር።

«እግዜር ይስጥህ» ብሎ ተሸከመው። አኩሪ አምና የቆመችባት ጠርዝ በርትታ ነበርና የከረጢቱን በቆሎ መዝራት የጀመረው ከዚያች ጠርዝ ነው። አኩሪንም ወደ ሰፊ ቦታ አዛወራት፤ የአባ ጥላሸትን ጥግ ግን አልነካም። ማሳዋም ሰጠች። በቡሄ ስንሻው ጎረቤት አልጠራም፤ እሸቱን ራሱ ተሸክሞ በየቤቱ አደረሰ። እማማ ዘነቡ ደጃፍ ሲደርስ ቅርጫታቸውን ሞላላቸው፤ ቀና ብሎ ሊያያቸው ግን አልቻለም።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በንፍሮ አብሱ። ዘር ቢዋሽ ማሳ ይቆጥረዋል።