ሙጣሪፍ ያንኮራፋባት ቀትር

ሰው እየሰማ ዝም ሲል የምንላት አንዲት አባባል አለች። መነሻዋ የእንቅልፋም ቤት እንዳይመስላችሁ። ሙጣሪፍን የሚያህል ንቁ ሰው በመካ አልነበረም ይባላል።

ያኔ ከሩቅ የመጣ ተሳላሚ በገዛ ልብሱ ካዕባን አይዞርም፤ ከመካ ታላላቅ ቤቶች መዋስ ነበረበት። ከአዋሾቹ አንዱ ሙጣሪፍ ነው። ተዋሹ ጉልበቱን ይስማል፣ እሱ አገጩን ቀና ያደርጋል። አባቱም ዕድሜውን የጨረሰው አገጩን ቀና አድርጎ ነው።

ኋላ አዲሱ ትምህርት መጣ። አምላክ አንድ ነው፣ በፊቱም ጌታና ባሪያ በአንድ ረድፍ ይቆማሉ የሚል። ሙጣሪፍ አንድ ቀን ትምህርቱ ከሚሰጥበት ግቢ ግድግዳ ተጠግቶ አደመጠ። እውነት መሆኑ ገባው፤ እንባውም መጣ። ቀና ሲል ግን በአድማጮቹ ረድፍ መሀል ባሪያውን መይሙንን አየው። ከመይሙን ጎን ክፍት ቦታ አለች፤ ልክ የሙጣሪፍን ትከሻ ታህላለች። ሹልክ ብሎ ቤቱ ገባ።

በማግስቱ በቀትር አክስቱ ሱዕዳ ከመይሙን ጋር መጡ። ሙጣሪፍ ኮቴያቸውን ሲሰማ ኩታውን ተከናንቦ ጋደም አለ።

«ጌታዬ፣ ይነሱ እንጂ። ትምህርቱ ሊጀመር ነው» አለ መይሙን።

ሙጣሪፍ አንኮራፋ።

«አንተ የወንድሜ ልጅ» አሉ ሱዕዳ፣ «ትናንት ስታለቅስ ታይተሃል አሉ።»

ይኼኔ እንደ ግመል አንኮራፋ። ብነሳ ከመይሙን ጎን ልቆም ነው፣ ከዚያ ወዲያ ጉልበቴን ማን ይስመዋል እያለ በኩታው ውስጥ ያሰላስላል።

በዚህ መሀል ከደጅ አንድ መንገድ ያደከመው ተሳላሚ፣ ድምፁ እንኳ በቅጡ ሳይወጣ፣ «ልብስ የሚያውሱት እዚህ ናቸው?» አለ።

ሙጣሪፍ ተፈናጥሮ ተነሳ። ልብሱን ሰጠ፣ ጉልበቱ ተሳመ፣ አገጩ ቀና አለ። ዘወር ሲል ከአክስቱ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

«ይኸ እንቅልፍ ደጁን ለይቶ ይሰማል ማለት ነው?» አሉት ረጋ ብለው።

ሙጣሪፍ ኩታውን ስቦ ተመልሶ ተኛ፤ ማንኮራፋቱንም ካቆመበት ቀጠለ።

መይሙን ትከሻውን ሊነካው እጁን ሲዘረጋ ሱዕዳ ያዙት። «ተወው ልጄ፣ እኛ እንሂድ፤ አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም።»