ሙሽራዋ ያጠጣችው ችግኝ

ጆሮ ያለው ይስማኝ፣ ትንፋሽ ያለው ይከተለኝ!

በዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ የአንድ የአትክልት አምራቾች ማኅበርን የቲማቲም ችግኝ የምትንከባከብ ስንዱ የምትባል ሴት ነበረች። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ችግኙ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ አገኘችው። የፈለገችው ጥቂት ውሃ ብቻ ነበር። ቧንቧውን ከፈተች፤ ጠብ አላለም። ፀሐይዋ ከበረታች የወራት ልፋቷ መድረቁ ነው።

ወደ ፓምፕ ጠባቂው ሮጠች።

«ጋሽ ቱፋ፣ ውሃ!»

«ፓምፑ አልነሳም አለኝ፣ ልጄ። ሰዓቱን ጠብቆ ‹ተነስ› የሚለው የማኅበሩ ቢሮ ኮምፒውተር ነው፤ እሱ ደግሞ ዛሬ ዝም ብሏል።»

ኮምፒውተሩ አያዝ፣ ፓምፑ አይዞር፣ ቧንቧው አይፈስ፣ ችግኙ አይጠጣ!

ወደ ቢሮው በረረች። በሩ ተቆልፏል።

«ትናንት የቢሮው ሰዎች ሲወጡ ፓምፑን የሚያዘውን ፕሮግራም ከስክሪኑ ላይ ዘጉት» አላት ዘበኛው። «እሱ ሲዘጋ ሰዓት ቆጣሪውም አብሮ ይተኛል። እንዳልከፍትልሽ፣ ቁልፉ በኃላፊው በአቶ ደጀኔ ኪስ ውስጥ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ልጃቸውን እየዳሩ ነው።»

በሩ አይከፈት፣ ኮምፒውተሩ አያዝ፣ ፓምፑ አይዞር፣ ቧንቧው አይፈስ፣ ችግኙ አይጠጣ!

ወደ ሰርጉ ገሰገሰች። አቶ ደጀኔ ዳሱ ውስጥ በካባ ተጀንነዋል።

«ስንድዬ፣ የማኅበር ቁልፍ ለሰው አይሰጥም፤ ልጄን ሳልመርቅስ ወዴት እሄዳለሁ? እሷ ደግሞ ገና አልወጣችም!»

ሙሽራዋ አትወጣ፣ አባት አይመርቅ፣ ቁልፉ አይመጣ፣ በሩ አይከፈት፣ ኮምፒውተሩ አያዝ፣ ፓምፑ አይዞር፣ ቧንቧው አይፈስ፣ ችግኙ አይጠጣ!

ስንዱ ወደ ጓዳ ዘለቀች። ሙሽራዋ ሶስና ቬሎዋን ለብሳ ፀጉሯን እየተሠራች ነው። ያንን ፕሮግራም የጻፈችውም እሷ ናት። ስንዱ የሆነውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት።

«አይዞሽ እትዬ! ሥራውን ከስክሪኑ መለየት ነው። ላፕቶፔን አምጡልኝ!»

«ሙሽራ ሆነሽ?» ጮኸች ሚዜዋ።

«ሙሽራ ቲማቲም አትበላም እንዴ?»

ቬሎዋን ሰብስባ ተቀመጠችና ከዚያው ሆና በኢንተርኔት ወደ ቢሮው ኮምፒውተር ገባች። ሰዓት ቆጣሪውን ከጀርባ ለብቻው የሚሠራ አገልግሎት አደረገችው፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ ይነሳል፣ ማንም ባይከፍተውም ሥራውን ይሠራል። ስክሪኑ ማዘዣና ማያ ብቻ ሆነ።

«አሁን እዪ» ብላ ፕሮግራሙን ከስክሪኑ ላይ ዘጋችው።

«ኧረ አትዝጊው!» ስንዱ እጇን ያዘቻት።

ወዲያው የስንዱ ስልክ ጠራ። ጋሽ ቱፋ ነበር። «መጣ! ስንዱ፣ ውሃው መጣ!»

በሩ እንደተቆለፈ፣ ቁልፉም ከኪስ ሳይወጣ፣ ኮምፒውተሩ አዘዘ፣ ፓምፑ ዞረ፣ ቧንቧው ፈሰሰ፣ ችግኙም እስኪጠግብ ጠጣ!

ስንዱ እልልታዋን አቀለጠችው። ከበሮ መቺው ሙሽራዋ የወጣች መሰለውና ከበሮውን ደለቀው፤ ዳሱ በሙሉ ብድግ አለ። ሶስናም ምን ታድርግ? ፀጉሯ በከፊል ተሠርቶ፣ ላፕቶፗን በብብቷ እንደያዘች፣ እየሳቀች ወጣች። አቶ ደጀኔም ሶስናንም ስንዱንም መረቁ።