ጥላዬ ሊያበርረው የነበረው አውሮፕላን

በቀጨሞ ከተማ ሁለት ሰዎች በር ላይ ቆመው «እርስዎ ይግቡ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» መባባል ሲያበዙ፣ ከኋላቸው መግቢያ ያጣው ሰው አንዲት አባባል ጣል ያደርጋል። ሁለቱም ይስቁና አንደኛው ቶሎ ይገባል። ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሰው ግን «አሁን ይኼ ከበር ጋር ምን አገናኘው?» ብሎ ይጠይቃል። እውነቱን ነው፤ ከበር ጋር አይገናኝም። አባባሉ የመጣው ከሰማይ ነው። ዐዋቂ ነን የሚሉ አንዳንድ ሰዎች «ከጥንት አባቶች የወረደ ነው» ሲሉ ይሰማሉ። ውሸት ነው። የጥንት አባቶች ሪሞት አልነበራቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ቀጨሞ አስፋልት ሳይገባላት በፊት የሣር አውሮፕላን ማረፊያ ነበራት። ጥላዬ የሚባለው ሰው እዚያ ነበር የሚሠራው። አውሮፕላን ሲመጣ ፊሽካ እየነፋ ከብቱን ከሜዳው ያስወጣል፤ አውሮፕላኑ ሲሄድ ከብቱ ይመለሳል። ጎልማሳነቱን በሙሉ ሌላውን ሲያሳፍርና ሲቀበል ኖረ እንጂ የእሱ እግር ከመሬት ለቆ አያውቅም። ዕድሉ አንድ ቀን ብቻ መጥታለት ነበር። አንድ ፈረንጅ አብራሪ ባዶ ወንበር ተርፎት «ና ውጣ፣ አንድ ዙር ላዙርህ» አለው። የጥላዬ ልብ ከእሱ ቀድሞ ተሳፈረ። አፉ ግን «ኧረ ግድ የለም፣ አላስቸግርዎትም» አለ።

እንዲህ የሚባለው ደግመው እንዲጠይቁት መሆኑን የቀጨሞ ሰው ሁሉ ያውቃል። ፈረንጁ አያውቅም። «እሺ» ብሎ በሩን ዘጋና ሄደ። ጥላዬ በዚያን ዕለት ከብት በሌለበት ሜዳ ላይ ፊሽካውን ሲነፋ አመሸ ይባላል።

አስፋልቱ ገባ፣ ማረፊያው ተዘጋ፣ ጥላዬም ጡረታ ወጣ። አዳማ ያገባችው ልጁ ውብዓለም ይህን የፈረንጅ ታሪክ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እየሰማች ያደገች ናትና፣ አንድ ቀን በሪሞት የሚበር ትንሽ አውሮፕላን ገዝታ ላከችለት። ያመጡት የባሏ አባት አቶ መኩሪያ ነበሩ። አማቾቻቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጠይቁ መምጣታቸው ነው። ካርቶኑን ደረታቸው ላይ ታቅፈው ሲገቡ የእሳቸው ልጅ ይመስል ነበር።

ውብዓለም በስልክ «አባዬ» አለችው። «ይኼ ያንተ ነው። መጀመሪያ የምታበርረው አንተ ነህ። ለማንም እንዳትሰጥ። አውቅሃለሁ።»

«ለማን እሰጣለሁ? አብጃለሁ እንዴ?» አለ ጥላዬ።

ሚስቱ ደብሪቱ ከጓዳ ሆና «እሰይ፣ ይኼን ነገርህን እኔም ሰምቼዋለሁ» አለች።

በዚያው ቀን በግ ታረደ። አቶ መኩሪያ ሥጋው ሲቀርብላቸው ያሳዩት ጨዋነት ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። «ኧረ በቃኝ»፣ «ኧረ ጠግቤ ነው የመጣሁት»፣ «ኧረ እንዳታስጨንቁኝ» እያሉ፣ በአንድ ጉርሻ ስንት «በሞቴ» አስፈጁ። ጥላዬ እጁ እስኪዝል ለመናቸው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ያስፈልጋል።

በነጋታው ጠዋት ጥላዬ የሳሎኑን ምንጣፍ ጠርጎ ካርቶኑን ከፈተ። ከፎም የተሠራ ነጭ ቀፎ፣ ሁለት ክንፍ፣ ጅራት፣ ፕሮፔለር፣ ባትሪና ሪሞት። ዕቃውን አንድ በአንድ እያወጣ ደረደረ። አቶ መኩሪያ ወንበራቸውን ጎተት አድርገው ተጠጉ።

«ምን ያስቸግራል? ካርቶኑ ላይ ‹ለመብረር ዝግጁ› ይላል እኮ!»

«ዝግጁ የተባለው እሱ ነው» አለ ጥላዬ። «እኔ ገና ነኝ።»

አቶ መኩሪያ ግን ዝም ብሎ ማየት አልሆነላቸውም። የግራውን ክንፍ አንሥተው በቀኙ በኩል ገፉት። እንቢ ሲላቸው «ፋብሪካው አሳስቶታል» አሉ። ጥላዬ ቀስ ብሎ ተቀበላቸውና ክንፎቹን በየቦታቸው ሰካ፤ በመሐላቸውም ማያያዣውን ዘንግ አሳለፈ። ጅራቱን በካቻቢቴ አሰረ። ሲጨርስ በአቶ መኩሪያ ጉልበት ላይ አንዲት ብሎን ተገኘች።

«ይቺ ትርፍ ናት» አሉ።

«አቶ መኩሪያ፣ አውሮፕላን ትርፍ ብሎን አለው?»

«ለምርቃት ይሰጣሉ እኮ፣ እንደ ሽንኩርት።»

ጥላዬ አውሮፕላኑን ገልብጦ ከጅራቱ ሥር ያልታሰረ ቀዳዳ አገኘ፤ ብሎኗንም አስገባት። ደብሪቱ የባሏ ጆሮ መቅላቱን አየች።

ባትሪው ሲሞላ ጥላዬ ሪሞቱን አብርቶ በላዩ ያለውን መምሪያ ዘንግ ወደ ቀኝ አለው፤ በክንፉ ጫፍ ያለችው ታጣፊ ክፍል እንደ አህያ ጆሮ ቀጥ አለች። ወደ ግራ አለው፤ ተኛች። አውሮፕላን ሲታዘዘው የመጀመሪያ ጊዜው ነው። ደጋግሞ አደረገው። ደብሪቱ ቡናማ ጋቢውን አቀበለችውና ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ «እንዳትሰጥ» አለችው።

«አልኩሽ እኮ!»

ወደ ድሮው ማረፊያ ወረዱ። ጎረቤትም ተከተለ። በሜዳው ጫፍ ዛሬም ያለው ትልቅ ዋርካ ቆሟል፤ ሽማግሌዎች ጠበኛ የሚያስታርቁት ከሥሩ ነው። ከላይ ቅርንጫፉ ላይ ንብ ስለሰፈረበት ማንም አይወጣበትም። በዚያን ቀንም አባ ቦጋለ የሚባሉ አንጋፋ ሽማግሌ ሁለት የድንበር ባላጋራዎችን ፊታቸው አስቀምጠው ይዳኙ ነበር።

ጥላዬ አውሮፕላኑን ሣሩ ላይ አኖረና አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዞረው። አውራ ጣቱን ዘንጉ ላይ አደረገ። ከብት የለም፣ ፊሽካ የለም። አሁን ነው።

በዚህ መሐል አቶ መኩሪያ ከጎኑ መጥተው ቆሙና ዝም አሉ።

እንግዳ ከጎን ቆሞ ዝም ሲል፣ የቀጨሞ ሰው ውኃ እንኳ ቀድሞ አይጎነጭም። ጎረቤቱ ሁሉ ያያል። ጥላዬ ከንፈሩን ነከሰ። ሆኖም አፉ ለብቻው ተከፈተ።

«አቶ መኩሪያ፣ እርስዎ ይጀምሩ እንጂ።»

ለዚህ መልሱ የታወቀ ነው። «ኧረ በፍጹም! ባለቤቱ እያለ!» ይባላል። ከዚያ «ኧረ በሞቴ» ይባላል። ከዚያ «አይሆንም አልኩ» ይባላል። ከዚያ ባለቤቱ በሐዘን ፊት፣ በደስታ ልብ፣ ዕቃውን ይዞ ይቀጥላል። ሕጉ ይኼ ነው።

አቶ መኩሪያ «እሺ» አሉና ሪሞቱን ወሰዱ።

«ወይ ጉድ! ደግሞ ሌላ ፈረንጅ!» አለች ደብሪቱ።

አውሮፕላኑ ሣሩን እየላሰ ሮጠና ተነሣ። ሕዝቡ እልል አለ። ጥላዬ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ደሙ ፈላ። እንዴት ያለ ሰው ነው? ትናንት ለአንድ ታፋ ሥጋ ቤተ ሰቡን ሁሉ አስምሎ፣ አገሩን ሁሉ አስለምኖ የበላ ሰው ዛሬ ምነው መግደርደር ጠፋበት? አያውቅም እንዳይባል ያውቃል። በሥጋው ላይ የነበረው ያ ሁሉ «ኧረ በቃኝ» የት ገባ?

«አንዴ ላዙረውና እሰጥዎታለሁ» አሉ አቶ መኩሪያ። አዞሩት። «አሁን ገና እጄ ለመደ» አሉ። ደግሞ አዞሩት።

ጥላዬ ጉሮሮውን ጠረገ። አልተሰማም። ጮክ አድርጎ ጠረገ።

«ጉንፋን ይዞዎታል እንዴ?» አሉት፣ ዓይናቸውን ከሰማይ ሳይነቅሉ።

ደብሪቱ በክርኗ ጎሸመችው። «‹ይስጡኝ› በላቸው!»

«ምን ብዬ? የልጄ አማት እኮ ናቸው!»

«‹የኔ ነው› ብለህ ነዋ!»

«ይኼ ይባላል?»

ባትሪው እያለቀ ነበር። አውሮፕላኑም ከሩቅ ዞሮ ወደ እነሱ መምጣት ጀመረ። ይሄን ጊዜ ነገሩ ተበላሸ፤ ምክንያቱም ፊቱን ወደ አንተ ያዞረ አውሮፕላን እንደ መስታወት ነው፣ ግራው በቀኝህ፣ ቀኙ በግራህ ነው። አቶ መኩሪያ ዘንጉን ወደ ግራ ሲገፉ አውሮፕላኑ ወደ ቀኛቸው፣ ወደ ዋርካው አቀና። አጥብቀው ገፉት፤ አጥብቆ አቀና።

«ምንድን ነው ይኼ? አጣማችሁ ነው የገጠማችሁት!» ብለው ጮኹ።

«በተቃራኒው ያዙሩት! በተቃራኒው!»

«የምን ተቃራኒ? እንኩ፣ እንኩ! እርስዎ ይያዙት!» አሉና ሪሞቱን ወደ ጥላዬ ደረት ገፉት።

ይኼው መጣ። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ነገር ደረቱ ላይ ተለጠፈ። ጊዜም ነበረ፤ ዘንጉን ወደ ቀኝ ቢለው ይበቃ ነበር። እጁም ሊቀበል ተነሣ። አፉ ግን እጁን ቀደመው።

«ኧረ አይገባም! ጀምረውታል፣ ይጨርሱት እንጂ!»

ጥላዬ ይህን ሲናገር ራሱን በገዛ ጆሮው ሰማ። ሊመልሰው ፈለገ፤ ቃል ግን ከወጣ እንደ ከብት በፊሽካ አይመለስም።

«በሞቴ ይያዙት!» አሉ አቶ መኩሪያ። መግደርደር አሁን ትዝ ብሏቸዋል።

«ኧረ በእግዜር!»

«ባለቤቱ እያለ!»

«እንግዳ እያለ!»

ሪሞቱ በሁለቱ ደረት መካከል ወዲያና ወዲህ ሲገፋ፣ አውሮፕላኑ በቀኛቸው በኩል ፉጨት አሰምቶ አለፈና ዋርካው ውስጥ ገባ። ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ። ንቡ ጮኸ። ከዚያ ዝም።

አንዲት የፎም ቁራጭ ብቻ እየተንሳፈፈች ወርዳ በአባ ቦጋለ ነጠላ ላይ አረፈች። የድንበር ባላጋራዎቹ ድንበሩን ትተው ሸሹ። አባ ቦጋለ ቁራጯን አንሥተው አገላበጧት። ወደ ላይ አዩ።

«ይኼ የማን ነው?»

«የኔ ነው!» አለ ጥላዬ እየሮጠ ደርሶ። በዚያን ቀን ይህን ሲናገር የመጀመሪያው ነው። «የኔ ነው አባባ! ይፍረዱኝ! ልጄ የላከችልኝን፣ በእጄ የገጠምኩትን፣ እኚህ ሰውዬ ነጥቀውኝ ንብ አስበሉት! እንዲህ ያለ ግፍ አይቼ አላውቅም!»

አቶ መኩሪያም ተናደዱ። «ነጠቅኩት? እኔ? ራሱ ነው ‹ይጀምሩ› ያለኝ! መልሼ ብሰጠው እንቢ አለኝ! እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ምስክሬ ነው!»

አባ ቦጋለ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «አንተ ጥላዬ፣ ‹ስጠኝ› ብለው ጠየቁህ?»

«አልጠየቁኝም።»

«ታዲያ ማን ሰጣቸው?»

ጥላዬ ደብሪቱን አየ። ደብሪቱ ዋርካውን አየች። «አፌ» አለ።

«መልሰው ሲሰጡህስ ማን እንቢ አለ?»

«አፌ ነው አባባ።»

«ልብህ የት ሄዶ ነበር?»

«ልቤማ እላይ ነበር፣ ከአውሮፕላኑ ጋር።»

ከጎረቤቱ የሳቀ አልነበረም፤ እያንዳንዱ በገዛ አፉ የሰጠው ነገር ትዝ ብሎት ነበርና። አባ ቦጋለ ወደ እንግዳው ዞሩ።

«እርስዎስ፣ ‹ይጀምሩ› ሲባሉ ወዲያው የተቀበሉት ለምን ነው?»

«ሰው ሲያከብረኝ እንቢ ማለት ነውር ነው ብዬ ነዋ።»

«ትናንት በሥጋው ጊዜ ነውር አልነበረም» አለች ደብሪቱ። አቶ መኩሪያ ኮታቸውን ቆለፉ።

«አባባ፣ ፍርዱስ?» አለ ጥላዬ። «ይውረድልኝ!»

«ማን ይወጣል? ንቡ እንደ አንተ ‹እርስዎ ይቅደሙ› አይልም እኮ።»

ሪሞቱ ለካ በግርግሩ መሐል በጥላዬ እጅ ቀርቶ ኖሯል። ይገባኛል ያለም፣ አይገባኝም ያለም አልነበረም። ጥላዬ በንዴት ዘንጉን ወደ ቀኝ ገፋው። ከላይ፣ ከቅጠሉ መሐል፣ ያቺ የአህያ ጆሮ ቀጥ ስትል ታየች። ወደ ግራ አለው፤ ተኛች። ባትሪው ነፍሱ እስኪወጣ ድረስ፣ ጥላዬ አንጋጦ እየተሳደበ፣ አውሮፕላኑም ዛፍ ላይ ሆኖ እየታዘዘው ቆዩ።

አባ ቦጋለ ነጠላቸውን አራግፈው ተነሡና፣ አንዴ ጥላዬን፣ አንዴ ቅርንጫፉን አይተው፣ «ልጄ» አሉ፣ «ይሉኝታ ያስነሣውን ዋርካ ያሳርፈዋል።»