ረግረጉ ስንት አፍ አለው?

በዚያ ጫካ ውሃ የሚከፋፈለው በአፍ ቁጥር ነበር። ወንዙ ከተራራው እንደ ወረደ ንጉሥ አንበሳ ባስገደበው ኩሬ ይቆማል። ከዚያ የንጉሡ የውሃ ሹም ጅብ ለጎሾች፣ ለከርከሮዎችና ለዝንጀሮዎች እንደየብዛታቸው ይለቅላቸዋል። ሥርዓቱ ፍትሐዊ ነው ይባላል፤ በተለይ ብዙ የሆኑት እንዲህ ይላሉ።

ከሁሉም በታች ያለው ረግረግ ግን ከደረቀ ቆይቷል። እንቁራሪቶቹ ሄዱ፤ ዳክዬዎቹም ተከተሉ። ጉማሬዋ የመጨረሻው ጭቃ እስኪሰነጠቅ ጠብቃ እሷም ሄደች። የቀረችው አንዲት ሽመላ ናት። ለምን እንደቀረች ለሚጠይቃት «የተወለድኩበት ነው» ትላለች፤ የሚጠይቃት ግን ብዙም አልነበረም።

ከደረቀው ረግረግ የሚነሣው አቧራ የንጉሡን ዐይን ማስለቀስ ሲጀምር ጉባኤ ተጠራ።

«ረግረጉ ውሃ ይመለስለት የሚል ሐሳብ አለ» አለ አንበሳ ዐይኑን እያሻሸ። «ምን ትላላችሁ?»

«ለጥጆቻችን ያልበቃ ውሃ ለሣር ይፈስሳል እንዴ?» አለ ጎሽ።

ሽመላ ተነሣች። «ንጉሥ ሆይ፣ ረግረግ የጠጣውን አያስቀርም። በክረምት ይዞ በበጋ ያጠጣል። ይህን አያ ጎሽም ያውቃሉ፤ በዚያ በክፉው ድርቅ ከነልጆቻቸው እኛ ዘንድ ነበር የከረሙት።»

ጎሽ አቀረቀረ።

«ግሩም ንግግር ነው» አለ ጅብ። «ለመሆኑ እመት ሽመላ፣ ስንት ናችሁ?»

«ለጊዜው እኔ ብቻ ነኝ።»

ጉባኤው በሳቅ አውካካ።

«እንግዲያው ድርሻሽ አንድ ጉንጭ ነው» አለ ጅብ። «ጎረቤቶችሽ ሲመለሱ ውሃው ይለቀቃል።»

«ውሃ ሳይኖር ወዴት ይመለሳሉ?»

«እሱ የእናንተ የውስጥ ጉዳይ ነው» አለ ጅብ በትሕትና።

ሽመላ ዘመዶቿ ወደተሰደዱበት ሩቅ ሐይቅ በረረች። «መጀመሪያ ውሃው ይምጣ» አሏት። ታላቅ እኅቷ «እዚሁ ቅሪ፤ የብቻ ኑሮ ምን ያደርግልሻል?» ብላ ለመነቻት። ሽመላ ከእኅቷ ክንፍ ሥር ተሸጉጣ፣ ከረሳችው የቆየ እንቅልፍ ተኛች። ጎሕ ሲቀድ ግን ወደ ረግረጓ ተመለሰች።

ጅብ የተመለሱትን ሊቆጥር በመጣ ቀን ደረቁን ደንገል ጥሶ መግባት ስላልወደደ ከዳር ቆሞ ጆሮውን አቆመ። ከውስጥ እንቁራሪት ጮኸ፣ ዳክዬ ተንጫጫ፣ ጉማሬ አጓራ። ሁሉም ሽመላ ነበረች፤ ከጥግ ጥግ እየሮጠች ድምፅዋን ትለዋውጣለች።

«ብዙ ናቸው» ብሎ ጅብ ለንጉሡ ነገረ።

ውሃው ተለቀቀ። መሬቱ ጠጥቶ ሲጠግብ ደንገሉ አቆጠቆጠ። ጅብ ግን ሳይታሰብ ብቅ እያለ ስለሚያዳምጥ ሽመላ ማቋረጥ አልቻለችም። ጠዋት እንቁራሪት ትሆናለች፣ ቀትር ላይ ዳክዬ፣ ሲመሽ ጉማሬ። ዘመዶቿን ልትጠራ እንዳትሄድ ረግረጉ ዝም ይልባታል። በሞላው ውሃ መካከል፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታ፣ ብቻዋን ነበረች።

አንድ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንደ እንቁራሪት ስትጮህ ከማዶ ሌላ ድምፅ መለሰላት። አንዲት እንቁራሪት፣ የመንገድ አቧራ ያነጣት፣ ከሣሩ ወጣች።

«ከሩቅ ስትንጫጩ ሰምቼ ነው የመጣሁት» አለች። «ሌሎቹስ የት አሉ?»

ሽመላ ልትመልስላት አፏን ከፈተች። የእንቁራሪት ድምፅ መጣላት፤ የዳክዬ መጣላት፤ የጉማሬም መጣላት። የራሷን ግን ፈልጋ አጣችው።

እንቁራሪቷ እግሯን ውሃው ውስጥ ነክራ መልሱን ትጠብቃለች።